ምድጃው ሳይበርድ

በጓሮዬ እሳት ያነደድኩት ልጄን ከዓረብ አገር ለማስቀረት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው» እል ነበር። ይህም ሐሰት አይደለም፤ ግን ለሰው የሚነገረውና በሆድ ያለው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ልጄ አስተማሪ ናት። ኮሌጅ እንደጨረሰች በጉንደ ወይን በኩል ገባ ብሎ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደበች። ብዙም ሳትቆይ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ከረመና አንድ ቀን በተገኘው መኪና ሻንጣዋን ይዛ ወደ እኛ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሰች። «ለጊዜው ነው» አልን። ከዚያ ክረምቱ ገባ። የእኛን ከተማ ክረምት የኖረበት ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ከጮቄ ወርዶ ጣሪያ ላይ ይተኛል፣ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል፣ ሰው ለሰው የሚለው ያጣል። ልጄ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትውላለች። ጠመኔ የለመደ እጇ ጭኗ ላይ እንደተዘረጋ ይመሻል። ስልክ ካልጮኸ በቀር ከቦታዋ አትነሣም። የምትደውልላት ደግሞ ኮሌጅ አብራት የተማረች፣ አሁን ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ ጓደኛዋ ናት።

አንድ ቀን ራት ላይ፣

«አባ፣ ልሄድ ነው» አለችኝ።

ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም። እናቷም አልጠየቀችም።

«አስተማሪ ሆነሽ የሰው ወለል ልትወለውይ?» አልኳት።

«አሁንስ የማንን ወለል እየወለወልኩ ነው፣ አባ? የእርስዎን አይደል?»

እናቷ «ኤዲያ!» ብላ ሣቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አልሣቅኩም። ልጅ ለአባት እንዲህ አይመልስም። ግን የተናገረችው እውነት ስለነበረ ጉርሻዬን ዋጥኩ።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። የማውቀውን ያወቅኩት ከተበላሸ ዕቃ ነው። ሬዲዮ ፈትቼ ሬዲዮ ተማርኩ፣ ሞተር ፈትቼ ሞተር ተማርኩ፤ ብየዳ የለመድኩት እጄን እያቃጠልኩ ነው። ስለዚህ እጅ ያለው ሰው ለሎሌነት ከአገሩ መውጣት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ልጄንም በዚሁ ስገሥጻት ነው ያሳደግኳት። ያን ማታ ግን ተግሣጼ ለራሴም ባዶ ሆነብኝ። እጅማ አላት። የጠፋው የሚሠራ ነገር ነው።

የዶቃው ሐሳብ የመጣው ከእሷው ነው። ኮሌጅ ሳለች ዶቃ እየሰካች ለጓደኞቿ አምባር ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ከነዚያ አንዱን አሮጌ አምባር ፈትታ መልሳ ስትሰካ፣

«ዶቃ እንኳ ጠፋ። ከአዲስ አበባ የሚያመጣው ሰው የለም» አለች።

«ዶቃ ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ይኼኛው? ከብርጭቆ።»

«ብርጭቆማ ይቀልጣል» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከተመለሰች ወዲህ በዚያ ዓይን አይታኝ አታውቅም ነበር። ያኔውኑ ነገሩን ጨበጥኩት። የብርጭቆ ዶቃ ራሳችን እንሠራለን፣ ቦታውን እኔ አዘጋጃለሁ፣ እሳቱን እኔ አውቅበታለሁ አልኳት። ብዙ አሰበችና እንዲህ አለች፦

«ዐቢይ ጾም እስኪገባ እሞክረዋለሁ። እስከዚያ እንጀራ ከሆነኝ እቀራለሁ። ካልሆነ ግን፣ አባ፣ አይከልክሉኝ።»

«አልከለክልሽም» አልኩ። ቃሌን እንደማልበላ ታውቃለች፤ እኔም እንደማልበላ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ያጣሁት።

መስከረም ሲጠባ ከጓሮ ያለችውን የማገዶ ክፍል ባዶ አደረግን። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ማገዶው ሲወጣ አይጥና እርጥበት ብቻ ቀረ። አንድ በርሜል ከወገቡ ቆርጬ ውስጡን ጭድ በተቦካበት ሸክላ አፈር መረግሁት። ከሥሩ ቀዳዳ አውጥቼ አንዲት ፀጉር ሠሪ የጣለችውን የፀጉር ማድረቂያ ገጠምኩለት፤ መብራት ሲኖር ነፋሱ ከሰሉን ነጭ እስኪሆን ያግለዋል። ቆይቼም ከጎኑ ክዳን ያላት ሁለተኛ ትንሽ የሸክላ ምድጃ ሠራሁ። የእሷን ጥቅም እመለስበታለሁ። ጠረጴዛውን በላሜራ አለበስኩት። ለዓይኗ የእኔን የብየዳ መነጽር፣ ለእጇ አሮጌ የቆዳ ጓንቴን ሰጠኋት። ጓንቱ ስለሰፋት በገመድ አሰርንላት።

የመጀመሪያው ቀን ልጄን ሊገድላት ነበር። ብርዱን ፈርተን በሩን ዘግተን ስለሠራን የከሰሉ ጭስ አዞራትና ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ተሸክሜ ጓሮ አወጣኋት። እናቷ ፊቷን ውኃ እየረጨች፣

«አንተ ሰው፣ ዓረብ አገር እንዳትሄድ ነው ወይስ ወዲያኛው ዓለም እንድትሄድ ነው ይኼን የሠራኸው?» አለችኝ።

በማግሥቱ ግድግዳውን ሰብሬ ሁለት መስኮት አወጣሁ። ከሰል ሲነድ እያሞቀ ነው የሚገድል፤ እንዲህ ያለ ሰውም አለ። ከዚያ ወዲያ በብርድ እየተንቀጠቀጥን፣ ፊታችን በእሳት እየተለበለበ፣ ጀርባችን በነፋስ እየተመታ ሠራን።

ጠርሙሱ ከመጠጥ ቤት ነው የሚመጣው፤ አረንጓዴውና ቡናማው። ሰማያዊ ከተገኘ ከሽቶ ነው። አጥበን፣ ሰባብረን፣ ስንጥሩን በጉጠት ይዘን እሳቱ ላይ እናለሰልሰዋለን። ሲለሰልስ እንደ ማር ይሆናል። ያን ጊዜ በቀጭን ሽቦ ላይ ይጠቀለላል። ሽቦው ከተሰበረ ጃንጥላ የወጣ ነው። መጀመሪያ ብርጭቆው ሽቦውን ይዞ አልለቅ አለ፤ ቤት በሚለቀለቅበት ነጭ አፈር ሽቦውን ቀብተን ስናደርቀው ዶቃው ሾልኮ ይወጣ ጀመር። የሁለት ዓይነት ጠርሙስ ስባሪ ቀላቅለን ሞከርን፤ ሲበርድ ተለያየ። ብርጭቆም እንደ ሰው የማይጋባ አለው።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን ማብረዱ ነበር። ቆንጆ ሆኖ የወጣው ዶቃ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደ ሽምብራ ቆሎ ይንጣጣል። እሷ ተስፋ ቆርጣ ጓንቷን ጣለች። እኔ ግን በብየዳ ያየሁት ነገር ነበር፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይሻክራል። ብርጭቆ ደግሞ የባሰ ነው። ላዩ ይበርድና ውስጡ ገና ትኩስ ሆኖ ይቀራል፤ ላይና ውስጥ ይጣላሉ። ቂም ያዘ ማለት ነው። ሳይበርድ ውኃ ከነካው ደግሞ ቂም እንኳ እስኪይዝ አይቆይም፣ ያኔውኑ ይፈነዳል። ትንሿን ምድጃ የሠራሁት ለዚህ ነው። ያለቀው ዶቃ ከነሽቦው እዚያ ይገባል፣ ይከደናል፣ ከእሳቱ ጋር ቀስ እያለ ይበርዳል። እስከ ማግሥቱ ክዳን አይነሣም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ እንዳትረሳው ደጋግሜ የነገርኳትም እኔ ነኝ።

ከኅዳር በኋላ እጇ ተፈታ። የእኔ ዶቃ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም፤ የእሷ ግን ከአንድ እናት የወጣ ይመስላል።

«የእርስዎ የፍየል በጠጥ ነው የሚመስለው» አለችኝ አንድ ቀን፣ የሠራሁትን መዳፏ ላይ እያንከባለለች።

«በጠጥስ ቢሆን የአባትሽ ነው፣ አክብሪው» አልኳት። ሣቀች። የልጄን ሣቅ ከዚያ ክረምት በፊት ነበር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት።

ገዢውም ተገኘ። ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ንዋየ ቅድሳት የሚሸጥ ባለ ሱቅ አለ፤ ሻማ፣ ሥዕል፣ ጧፍ፣ መቁጠሪያ ይሸጣል። የእንጨት መቁጠሪያው አልቆበት፣ መንገድ ተዘግቶ አዲስ አልመጣለትም። ልጄ አረንጓዴውን ዶቃ ስታሳየው በብርሃን ላይ አንሥቶ አየው።

«ጾም ሲገባ ሰው መቁጠሪያ ይፈልጋል» አላት። «ለቅበላ ካደረስሽልኝ እወስደዋለሁ። ሰው ከወደደው ለፍልሰታም አዝዝሻለሁ።»

ቤት ስትገባ ደረጃው ላይ ሆና ነው የነገረችን። እናቷ እልል አለች። እኔ «ሥራውን በጊዜ አድርሺ» ብቻ አልኩ፤ አባት ደስታውን በልኩ ማሳየት አለበት ብዬ። በሆዴ ግን «ቀረችልኝ» አልኩ።

ዶቃ በእኛ አገር ሁለት ፊት እንዳለው አንባቢ ያውቃል። በጸሎተኛ እጅ መቁጠሪያ ነው፤ በሌላ ቤት ጨሌ ይባላል፣ ለዛር የሚቋጠር። እኔ የጨሌ ወሬ ደጄ እንዲደርስ የማልፈቅድ ሰው ነኝ። ወሬው ግን የእኔን ፈቃድ አልጠበቀም። መጀመሪያ ባጃጅ ተራ ላይ «በስተርጅና ቀጥቃጭ ሆነ» ሲሉኝ ሰማሁ፤ እሳትና ጉጠት የያዘን ሰው በቡዳነት የሚያማ ሞኝ ዛሬም አልጠፋም ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ጎረቤታችን ወንፊት መዋሷን ተወች። ይቺ ሴት የሚስቴ የልብ ወዳጅ ናት፤ በአንድ ዕድር ነን፣ ልጄን ስትወለድ የታቀፈቻት እሷ ናት። አንድ ጥዋት ትንሹ ልጇ ከእኛ ደጅ የወደቀ ዶቃ አንሥቶ ሲጫወት አገኘችው። በዚያው ሰሞን ልጁን ትኩሳት ያዘው። ዶቃውን በወረቀት ጠቅልላ መጥታ በራችን ላይ ወረወረችው።

«ጨሌያችሁን ያዙ! ልጄን ተዉልኝ!»

«ምን ሆነሻል አንቺ፣ ልጁን ብርድ ነው የመታው!» አለቻት ሚስቴ።

«እሳቱ ሌት ተቀን የሚነደው በእናንተ ጓሮ፤ ብርዱ የእኔን ልጅ መርጦ? ኧረ ተይኝ!»

«መቁጠሪያ ነው እኮ የምንሠራው፣ እግዜር ያሳይሽ!»

«መቁጠሪያ ከቢራ ጠርሙስ? እንኳን ጸሎቱ ስካሩም አይለቀው!»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ያሥቀኝ ነበር። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። ልጁ ከቀናት በኋላ ተሻለው፤ ወሬው ግን አልተሻለውም። ባለ ሱቁም «አንዳንድ ነገር እሰማለሁ» ብሎ ለልጄ ነገራት። ያኔ ሚስቴ መላ አመጣች።

«የንስሐ አባታችንን እንጥራና ቤቱን በጸበል ይርጩልን። ጎረቤቱንም እንጥራ። ክፍሉን በዓይናቸው ይዩት፤ ጸበል የተረጨበትን ማን ጨሌ ይላል?»

መላው መልካም ነበር። የንስሐ አባታችን፣ ሁላችን አባ የምንላቸው፣ አረጋዊ ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም ብሏል እንጂ አእምሯቸው ንጹሕ ነው። ልጄ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«አባ፣ እሳት ያለበት ቀን አይሁን።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ለቅዳሜ ቀጠርናቸው። ከዚያ በፊት መብራት ጠፍቶ ብዙ ቀን ቆየ። ያለ ነፋስ ከሰሉ ብርጭቆ አያቀልጥም፤ ለባለ ሱቁ ከሚሰጠው የመጨረሻው ክፍል ሳይሠራ ቀረ። ቅበላ ደረሰ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መብራት መጣ። ልጄ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ወደ ዶቃው ክፍል ሮጠች። አባ ከቅዳሴ በኋላ ነው የሚመጡት፣ እስከዚያ እጨርሳለሁ፣ ትንሿ ምድጃ ተከድና ትቆያለች አለችኝ። ቀጠሮውን ማዛወር እችል ነበር፤ ጎረቤቱ ተጠርቷል፣ ካህን ይመላለሳሉ ወይ ብዬ ተውኩት።

አባ ሲመጡ ልጄ የመጨረሻዎቹን አስገብታ ክዳኑን ከዘጋች ብዙም አልቆየም። የአካባቢው ሴቶች ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከኋላቸው ገቡ። ጎረቤታችንም መጣች፣ በሩ አጠገብ ቆመች። በቤታችን ጸበል ሲረጭ የተዘጋ ነገር አይቀርም፤ ይህ ከሚስቴ እናት የወረስነው ልማድ ነው። ሣጥኑ ይከፈታል፣ ቁም ሣጥኑ ይከፈታል፣ የዱቄቱ ማድጋ ሳይቀር አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አባ ሳሎኑን ረጩ፣ መኝታ ቤቱን ረጩ፣ ማድቤቱን ረጩ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣን።

የዶቃው ክፍል ጠባብ ናት። ግማሹ ሰው በመስኮት ነው የሚያየው። አባ ግድግዳውን ረጩ፣ ጠረጴዛውን ረጩ፣ የበርሜሉ ፍም ላይ ሲደርሱ ጢሱ ጥሽ ብሎ ወጣ፤ ሴቶቹ አማተቡ።

«ያ የተከደነውስ?» አለች ጎረቤታችን።

ሁሉም ዞሮ ትንሿን ምድጃ አየ። ልጄ ከፊቷ ቆማ ነበር።

«እሱ ትኩስ ነው። ነገ ሲበርድ ይረጫል» አለች።

«ጸበል ለነገ ይባላል እንዴ?» አለች ጎረቤታችን። ከመስኮቱ ውጭ አንዷ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እዚያ ውስጥ ነዋ ያለው!» አለች። ሰማኋት። ሁሉም ሰማት።

ልጄ አየችኝ። የምትጠብቀው አንድ ቃል ነበር፤ «ይቆይ» የሚል። በእኔ ቤት ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ ያልተከበረበት ቀን የለም። በጉጠት ክዳኑን አነሣሁት። ወላፈኑ ፊታችንን መታው። ዶቃዎቹ ውስጥ ተደርድረው ደብዘዝ ያለ ቅላት ነበራቸው።

አባ እጃቸውን ጸበሉ ውስጥ እንደነከሩ ቆም አሉ። ወደ እኔ ዘወር ብለው፣

«ልጄ፣ ውኃ ይችላል?» አሉኝ።

ካህኑ ጠየቁኝ። ይህን ደጋግሜ አስባለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ጠየቁኝ እንጂ። ሰው ሁሉ አፌን ያያል።

«ይችላል፣ አባ» አልኩ።

ረጩት። ድምፁን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። መጀመሪያ አንድ ጠብ አለ። ከዚያ ሁሉም ባንድነት ተንጣጣ፤ ስባሪው እስከ ምድጃው አፍ ይዘላል። ሴቶቹ ወደ ኋላ ተገፋፉ። «ወጣ! ወጣ!» ብላ አንዷ ጮኸች። ሌላዋ እልል አለች። ጎረቤታችን መሬት ላይ ተንበርክካ ታለቅሳለች፤ ልቧ በእውነት ተነክቶ ነበር። አባ «ጸጥ በሉ እናንተ! ትኩስ ነው፣ ትኩስ ዕቃ ነው!» ቢሉም የሰማቸው የለም። ልጄ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ጉጠቱን ከነክዳኑ ከእጄ ተቀብላ ምድጃዋን መልሳ ከደነቻት። ከዚያ በሰዎቹ መካከል ገብታ ወደ ቤት ሄደች።

ሰኞ ጾሙ ገባ። ባለ ሱቁ ቀድሞ የተረከበውን ዶቃ በከረጢት ይዞ ራሱ መጣ። አልተቀመጠም።

«እኔ ወሬውን አላምንም፤ ብርጭቆ በውኃ እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ» አለ። «ግን ጸበል ሲነካው የጮኸ ዶቃ መቁጠሪያ አድርጌ ብሸጥ፣ ነገ ሻማዬንም የሚገዛኝ አይኖርም። አይቀየሙኝ።»

ልጄ «ችግር የለም» ብላ ከረጢቱን ተቀበለችው።

እኔ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ይፍቱኝ ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ውኃ እንደማይችል እያወቅኩ ይችላል እንዳልኩ። 

«እኔን አታለልክ ብዬ አላዝንም» አሉኝ። «እግዚአብሔር ለብርጭቆ የሰጠውን ሥርዓት ታውቅ ነበር። ሥርዓቱን ጥሰህ ተአምር ጠበቅህ። ተአምሩን ደግሞ የጠበቅኸው ለጎረቤት ለማሳየት ነው።»

ጥፋቴን ከእሳቸው በላይ የተናገረው የለም። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሰው ተናገሩልኝ፤ ዶቃው የተሰነጠቀው ትኩስ ስለነበረ ነው፣ ከዚያ ቤት ርኩስ ነገር አልወጣም፣ ሐሜት ተዉ አሉ። ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸው። ከደጀ ሰላሙ ስንወጣ ግን ከኋላዬ፣

«አባ ትሑት ስለሆኑ እኮ ነው። የእርሳቸው ጸሎት እንዳይባል ነው» ሲባል ሰማሁ።

እንግዲህ እውነትም እንዲህ ስትሆን አንደበት ምን ይሠራል?

ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። ልጄን ጠርቼ አዲስ እንጀምር አልኳት። ደምበጫ ገበያ ልንወስደው እንችላለን፣ መርጡለ ማርያም ለክብረ በዓል ብዙ ሰው ይመጣል፣ ማን ያውቀናል አልኳት። እናቷ ጭልፋዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

«ወሬው ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል፣ አባ።»

«ወሬ ያልፋል። ሥራ ነው የማያልፈው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«ይችላል ያሉት ለምንድን ነው?»

ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ብዙ መልስ ነበረኝ። ካህን ይከበራል፣ ጸበል አይከለከልም፣ ጥቂት ጠብታ ምንም አያደርግ ይሆናል ብዬ ነበር፣ የመሳሰለው። ልጄ ግን እየዋሸሁ ስትሰማኝ አላሳደግኳትም።

«ሰው ቆሞ ነበር» አልኳት።



«እኔስ፣ አባ? እኔ አልቆምኩም ነበር?»

ሚስቴ ወደ ማድቤት ተመለሰች።  ለልጆቻችን ስንቆጣ፣ ስንገሥጽ፣ «ለአንቺው ብዬ ነው» እንላለን። አብዛኛው እውነት ነው። ግን በሰው ፊት የምናደርገውን ያህል ለልጅ ብለን የምናደርገው ጥቂት ነው። ሰው ጊዜ ሳያልፍበት ይህን ቢያውቅ መልካም ነበር።

«ጾሙ ገብቷል» አለችኝ በመጨረሻ፣ ለስለስ ብላ።

ቃሌን እየጠየቀችኝ መሆኑ ገባኝ።

«አልከለክልሽም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ሆነ። ጓደኛዋ ሰው አገናኘቻት፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው የሚያልቀው ተባለ። በጾሙ አጋማሽ መንገድ ተከፈተ ሲባል ልጄ ያንኑ ሻንጣ አዘጋጀች። የመሄጃዋ ዋዜማ ጎረቤታችን ዳቦ ቆሎ በላስቲክ አሥራ መጣች። ልጄን አንገቷን አቅፋ አለቀሰች፤ «ልጄ፣ ልጄ፣ ይቺን በእጄ ያሳደግኳትን» ትላለች። ሚስቴ ዳቦ ቆሎውን ተቀበለቻት፣ ወንበርም ሰጠቻት። እኔ ተቆጥቼ ልወጣ ነበር፣ ግን ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ክፋት የለባትም። እሷ ያመነችውን ነው የተናገረችው። ያላመንኩትን የተናገርኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ሄድን። እናቷ ደጅ ላይ ስማት ቀረች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መንገዱ ዳግም ሳይዘጋ አባይን ለመሻገር የሚጣደፍ ሰው መናኸሪያውን ሞልቶታል። ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ ሰቀልኩላት። በመኪናው ውስጥ መስኮት አጠገብ ቦታ አግኝታ ስትቀመጥ ጎኗ ያለው ወንበር ለጊዜው ባዶ ስለነበር ተቀመጥኩበት።

ሳምንቱን ሙሉ ምክር ሳዘጋጅ ነው የሰነበትኩት። ሥራሽን አክብሪ፣ ሃይማኖትሽን ጠብቂ፣ የሰው ነገር አትስሚ፣ ለቀጣሪ ቤት ቁልፍ ታማኝ ሁኚ፣ የሚከፋ ነገር ከመጣ ደውዪ። ይህን ሁሉ በልቤ ደርድሬ ነበር። የመኪናው መስኮት በትንፋሽ ተሸፍኗል። ልጄ በእጅጌዋ ጠረገችው።

«በልተሻል?» አልኳት።

«በልቻለሁ፣ አባ።»

«ነጠላሽን ደርቢ፣ አባይ እስክትወርዱ ይበርዳል።»

ደረበች። እጇን ያዝኩት። ጣቶቿ ላይ የእሳቱ ጠባሳ አለ፤ አንዱ ገና አልሻረም። ቅሪ ብላት ትቀር እንደሆነ አላውቅም። ቃሌ ግን ከሷ ዘንድ ነበር፣ የቀረኝም እሱ ብቻ ነበር። ሰው እየገባ ወንበሩን ይጠባበቅ ጀመር። አንድ ጎልማሳ ትኬቱን እያሳየ አጠገባችን ቆመ።

ረዳቱ በሩን በእጁ እየደበደበ፣ «ሸኚ ውረድ!» አለ።

ወረድኩ።